ማኅተሙና መርማሪው፤ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የነጻ አፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፣ የጋዜጠኞች ዐይንና ጆሮ ያረፈው በንግግሮቹና በፊርማዎቹ ላይ ነበር። ከቻርተሩ የመጨረሻ አንቀጾች መካከል ግን በዚያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ድንጋጌ ይገኛል። ይኸውም የሰነዱ ዋና ጽሑፍ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ እንዲቀመጥ፣ መንግሥቱም ትክክለኛነቱን ያረጋገጠውን ግልባጭ ለነጻ የአፍሪካ አገሮች ሁሉ እንዲልክ የሚያዘው ነው። በአክራ ወይም በዳካር የሚገኝ የመዝገብ ቤት ሹም ግልባጩ በደረሰው ጊዜ ከዋናው ጋር ለማስተያየት ወደ አዲስ አበባ መልእክተኛ አይልክም። የሚመለከተው በግልባጩ ላይ የሰፈረውን ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫውን ከተቀበለ ግልባጩን ይቀበላል፤ ግልባጩን ከተቀበለም በውስጡ የሰፈረውን ቃል ሁሉ እንደ ዋናው ይቆጥረዋል።

ዛሬ በዚያው አካባቢ፣ በካዛንቺስ፣ አንዲት ነጋዴ በእጅ ስልኳ የባንክ ሒሳቧን ስትከፍት በሰከንድ ክፋይ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስልኩ ከባንኩ ኮምፒዩተር ጋር ምስጢራዊ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ ያኛውም የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀቱን ያቀርባል፤ ስልኩም ወረቀቱን ያተመው ማን እንደ ሆነ መርምሮ ወይ ይቀበለዋል ወይ ይመልሰዋል። ባለ ስልኳ ከዚህ ሁሉ የምታየው ነገር የለም። የዚህ ምስክር ወረቀት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ማኅተሙን በፈለሰፉት የሒሳብ ሊቃውንት በኩል ነው። ጥፋቱ ሲደርስ የታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በማኅተሙ ሳይሆን በመርማሪው ዘንድ ነው። ስለሆነም ታሪኩን ከመርማሪው ወገን ቆሞ መመልከት ለሙያው ባልደረቦች የበለጠ ሳይጠቅም አይቀርም።

በኢትዮጵያ የማኅተም ነገር ዐዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በሚልኩት ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ የሚያርፈው እንደ ዛሬው የመሥሪያ ቤት ልማድ ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ነበር። ተቀባዩ ገና «ይድረስ» የሚለውን ቃል ሳያነብ አንበሳውንና በዙሪያው የተቀረጸውን ስም ያያል፤ ማን እንደሚናገር ካወቀ በኋላ የሚናገረውን ይሰማል። ኮምፒዩተሮች በተመሠጠረ መስመር ሲገናኙ የሚከተሉት ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ ማንነቱ ከታወቀ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ጉዳይ አይነገርም። ማኅተሙን የመጠበቅ አደራ የጸሐፌ ትእዛዝ ሲሆን፣ በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር ለመወሰን የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 ይህንኑ አደራ ለጽሕፈት ሚኒስትሩ አጽንቶታል። ማኅተሙ ከጠባቂው እጅ ከወጣ ንጉሡ ያልተናገሩት ቃል የንጉሡ ቃል ሆኖ ሊነበብ ስለሚችል፣ አደራው እጅግ ከባድ ነበር። የዛሬዎቹ አረጋጋጭ ድርጅቶች «የግል ቁልፍ» የሚባለውን ረቂቅ ማኅተማቸውን በልዩ መሣሪያ ውስጥ ቆልፈው፣ ከአንድ ሰው በላይ ካልተገኘ እንዳይነካ አድርገው የሚያኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ማኅተም የማይሠራው ነገርም አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል የተዋዋዮቹ ማንነት ማንንም አላጠራጠረም። ጠቡ የተነሣው በ17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎ በማስቀመጡ ነው። የተናጋሪውን ማንነት ማረጋገጥ የንግግሩን ቅንነት ማረጋገጥ አይደለም። አንድ አጭበርባሪም በራሱ አድራሻ ስም ነቀፋ የሌለበት የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ይችላል፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለስሙ እንጂ ለምግባሩ አይደለምና። በብራውዘር የአድራሻ መስመር ላይ ለብዙ ዓመታት ትታይ የነበረችውን የቁልፍ ምልክት ብዙ ሰው የደግነት ምልክት አድርጎ ይወስዳት ስለ ነበር፣ ይህ ልዩነት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም።

የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ከማኅተሙ ባለቤት ሌላ ሦስተኛ ወገን በመካከል መቆም የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፣ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው። ራሱ አንብቦ መመርመር የማይችል ሰው በምልክት ብቻ እንዲታሰር አይፈቀድም፤ ሥልጣን ያለው ምስክር ያስፈልገዋል። በኮምፒዩተር መረብ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሰው ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለውን ተናጋሪ ፊቱን የሚያይ፣ የእጅ ጽሑፉንም የሚለይ ማንም የለም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ቂርቆስ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ አጠገብ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሰፊ ግቢ ይገኛል። አፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ለዚሁ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን ነበር። በዚህ ግቢ በ1972 ዓ.ም. ፓዲስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የመላው አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ተመሠረተ። ዓላማው የአፍሪካን የልማት ሰነዶች በኮምፒዩተር መዝግቦ ለአባል አገሮች ማዳረስ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት በአገሪቱ ከመኖሩ በፊት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት መስጠት ጀመረ።

የዚያ ዘመን አሠራር ፊዶኔት የተባለው ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ዘወትር የተገናኙ አልነበሩም፤ በተወሰነ ሰዓት በተራ የስልክ መስመር እየተደዋወሉ የተከማቸውን ደብዳቤ ተቀባብለው ይለያያሉ። በዚህ ሥርዓት የጣቢያው ማንነት ማረጋገጫ በአመዛኙ የስልክ ቁጥሩ ነበር። የጣቢያዎች ሁሉ ቁጥር በየሳምንቱ እየታደሰ በሚሠራጭ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሁለት ጣቢያዎች ከፈለጉም በመካከላቸው የይለፍ ቃል ይወስናሉ። ደብዳቤው ግን ሳይመሠጠር ስለሚጓዝ በመንገዱ ያለ የጣቢያ ኀላፊ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። ይህ ሁሉ ችግር ያልሆነው የጣቢያ ኀላፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተዋወቁ ነው። በመንደር ሳለ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት ለሕዝብ ሲከፍት ግን መንደሩ ከተማ ሆነ፤ ከተማውም ወሰን አልነበረውም።

ለከተማው የሚሆነው መታወቂያ በዚያን ጊዜ በውጭ አገር ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ምስጢር ለመለዋወጥ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው አንድ ቁልፍ በድብቅ መካፈል እንደማያስፈልጋቸው አስረዱ። እያንዳንዱ ሰው ለዓለም ሁሉ የሚያሳየው አንድ ቁልፍና ለማንም የማያሳየው ሌላ ቁልፍ ይኖረዋል፤ በአንዱ የተቆለፈው በሌላው ይከፈታል። አሳቡ ታላቅ ቢሆንም አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ለዓለም የታየው ቁልፍ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑ በምን ይታወቃል? ሁለቱ ሊቃውንት ያሰቡት መፍትሔ ሁሉም ሰው እየጠየቀ የሚያመሳክርበት የጋራ መዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሎረን ኮንፌልደር የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው ባቀረበው ጽሑፍ መዝገቡን ሁልጊዜ መጠየቅ እንደማያስፈልግ አመለከተ። የታመነ አካል ስሙንና ቁልፉን በአንድ ላይ አድርጎ በራሱ ፊርማ ካተመው፣ ባለ ቁልፉ ያን ወረቀት ይዞ በፈለገበት ቦታ ሊያሳይ ይችላል። ይህንንም ሰርተፊኬት አለው። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያቀረበው አሳብ ዛሬ የዓለም ንግድ የቆመበት መሠረት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የወረቀቱ ቅርጽ ተወሰነ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤክስ 509 የተባለውን ደንብ አወጣ። የምስክር ወረቀቱ የባለቤቱን ስምና ቁልፍ፣ የሰጪውን ስም፣ ጸንቶ የሚቆይበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ በመጨረሻም የሰጪውን ፊርማ እንዲይዝ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ወረቀት ኤስኤስኤል ብሎ በሰየመው የተመሠጠረ መስመር ላይ አዋለው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ቲኤልኤስ ተብሎ ዐዲስ ስም ያገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 1.3ኛ እትሙ ደካማ የነበሩትን የቀድሞ የመመስጠሪያ ዘዴዎች አስወግዷል። ከኔትስኬፕ ጀምሮ እያንዳንዱ ብራውዘር አስቀድሞ የሚያምናቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በሆዱ ይዞ ይመጣል። የአዲስ አበባው ተጠቃሚ እነዚህን ድርጅቶች አልመረጣቸውም፤ ስማቸውንም አያውቅም።

እንግዲህ መርማሪው ምን መመርመር አለበት? ሕዝቡ ባጭሩ «ውልና ማስረጃ» ወደሚለው መሥሪያ ቤት ሰነድ ይዞ የገባ ሰው ይህን ለማወቅ አይቸገርም። በሌላ ሰው ስም ቤት ለመሸጥ የቀረበ ባለ ውክልና ቢኖር፣ ጠንቃቃ ሠራተኛ የውክልና ሰነዱ በሚያውቀው ሥልጣን መታተሙን ያያል። በሰነዱ ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል። የመታወቂያው ዘመን አለማለፉን ይመለከታል። ውክልናው ቤት ለመሸጥ እንጂ ለማከራየት ብቻ አለመሰጠቱን ያነባል። ወካዩ ከዚያ ወዲህ ውክልናውን ሽሮት እንደ ሆነም መዝገብ ያገላብጣል። በመጨረሻም መታወቂያው ላይ ያለው ፊት ፊቱ የቆመው ሰው መሆኑን ቀና ብሎ ያያል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የዘለለ ሠራተኛ ሌሎቹን ሁሉ በትጋት ቢሠራም ቤቱ በሌባ እጅ ሊገባ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀትን የሚመረምር ፕሮግራምም የሚጠበቅበት ከዚህ ያላነሰ ነው፤ በዚህም ላይ አሕጽሮት አይሠራም።

ከእነዚህ ሁሉ በተግባር እስከ ዛሬ ደካማ ሆኖ የቆየው የተሻሩትን የማጣራቱ ሥራ ነው። ብራውዘሮች የተሻሩ ወረቀቶችን መዝገብ ሲጠይቁ መልስ ካላገኙ ብዙ ጊዜ እንደ ደኅና ቆጥረው ያልፋሉ። መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ ውክልናው አልተሻረም ብሎ ሰነዱን የሚያትም ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት አያዳግትም።

ማኅተሙ ራሱ በሌባ እጅ የወደቀበት ጊዜም አለ። ዲጂኖታር በሆላንድ ከአገሪቱ ውል አዋዋዮች ማኅበር ጋር በመተባበር የተመሠረተ አረጋጋጭ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች ኮምፒዩተሮቹን ደፍረው ከ500 በላይ የሐሰት ምስክር ወረቀቶችን አወጡ። በጉግል ስም የወጣው አንዱ ወረቀት የኢራን ተጠቃሚዎችን ደብዳቤ ለመጥለፍ ዋለ። ወረቀቱ በተለመደው የምርመራ መንገድ ቢታይ ትክክለኛ ነበር። ብራውዘሮቹ የዲጂኖታርን ስም ከዝርዝራቸው ሠረዙት፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከሰረ። የሆላንድ መንግሥት ራሱ የዚህ ድርጅት ደንበኛ ስለ ነበር መሥሪያ ቤቶቹ ወረቀታቸውን በጥድፊያ ለመለወጥ ተገደዋል።

ይህ ዓይነቱ ጥፋት ግን ጥቂት ነው። ብዙውን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2012 በስታንፎርድና በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ብራውዘሮችን ትተው ሌሎች ፕሮግራሞችን፣ ማለትም የባንክ የእጅ ስልክ ፕሮግራሞችን፣ ነጋዴዎች ከክፍያ ድርጅቶች ጋር የሚገናኙባቸውን መሣሪያዎችና በኪራይ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠሩ ላይብረሪዎችን ፈተሹ። ብዙዎቹ መስመሩን በጥንቃቄ እየመሠጠሩ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ግን አያረጋግጡም ነበር። በመካከል የገባ ሌባ የራሱን የፈጠራ ወረቀት ቢያሳያቸው ምስጢሩን ሁሉ መሥጥረው ለእርሱ ያስረክቡታል። ደብዳቤውን በጽኑ ሣጥን ቆልፎ፣ ማንነቱን ሳይጠይቁ በር ላይ ለቆመው ሰው መስጠት ማለት ነው።

ምክንያቱን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ከጥፋቱ የበለጠ ትምህርት አለው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች አሳሳቷቸው እንጂ። ከርል በተባለው በሰፊው በሚሠራበት ላይብረሪ ውስጥ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከተፈለገው ስም ጋር መመሳከሩን የሚወስን አንድ ማዘዣ ነበር። ማዘዣው 0፣ 1 ወይም 2 ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው ምርመራ የሚከናወነው 2 ሲሆን ብቻ ነው። 1 ማለት በወረቀቱ ላይ አንድ ስም፣ የማንም ይሁን የማን፣ መኖሩን ማየት ብቻ ነበር። ጠንቃቃው ፕሮግራም ጸሐፊ ምርመራው እንዲደረግ ፈልጎ «እውነት» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም «እውነት» የሚለውን ቃል ወደ 1 ይለውጠዋል። ምርመራ እንዲደረግ የታዘዘው ቃል ምርመራውን አስቀረው። የላይብረሪው ባለቤቶች በዚያው ዓመት 1ን የማይቀበል እትም አወጡ።

ሌላው ምክንያት በየትም አገር ያለ የሙያው ባልደረባ የሚያውቀው ነው። ፕሮግራሙ በሚዘጋጅበት ጊዜ የሙከራው ኮምፒዩተር በታመነ ድርጅት የታተመ ወረቀት ስለማይኖረው መርማሪው ይጮኻል። ሥራው የሚደርስበት ቀን ቀርቧል፤ ባልንጀራው አንዲት መስመር ይነግረዋል፤ መስመሯም ምርመራውን ታጠፋለች። ጩኸቱ ይቆማል፤ ፕሮግራሙም ይሠራል። ያች መስመር ከሙከራው ጋር ተሠርዛ መቅረት ሲገባት ወደ ደንበኛው ስልክ አብራ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚታይ አንዳች ጉድለት ስለሌለ፣ ሌባ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያገኛትም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በአፕል ኩባንያ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘው ስሕተት ደግሞ ምርመራ ባልጠፋበትም ቦታ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። «ወደ ውድቀት ሂድ» የምትል አንዲት የትእዛዝ መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር። ሁለተኛይቱ ያለ ምንም ሁኔታ ስለምትፈጸም፣ ከእርስዋ ቀጥሎ ያለውን ዋና ምርመራ አስዘልላ ውጤቱን «ደኅና» ብላ ታስመልሳለች። የተዘለለው አቅራቢው የወረቀቱን የግል ቁልፍ በእርግጥ የያዘ መሆኑን የሚያሳየው የፊርማ ፍተሻ ነበር። ወደ ውልና ማስረጃው ሠራተኛ ብንመለስ፣ መታወቂያውን አገላብጦ አይቶ እውነተኛ ነው ካለ በኋላ ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አላየም ማለት ነው። ጥፋቱ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ መርማሪ በብዙው የዓለም ክፍል የማይገኝ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ እርሱም የዘመን ነገር ነው። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቀን በግሪጎርዮስ አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ቀኑም ከንጋት ይጀምራል። የሰዓቱ ባትሪ ያለቀበትን አሮጌ ኮምፒዩተር መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የሚያስነሣ ሰው፣ ዓመቱ ሲጠየቅ በልማድ የሚያውቀውን ዓመት ቢጽፍ ትናንት የታተመው ወረቀት ሁሉ ገና ያልተወለደ ይሆንበታል። ባትሪው ብቻውንም ቢሆን ቀኑን ወደ ፋብሪካው ዘመን ሊመልሰው ይችላል። መርማሪው በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ቢመልስ ሥራውን በትክክል ፈጽሟል። አደጋው የሚመጣው ተጠቃሚው በየዕለቱ ያለ በደል የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ «ግድ የለም፣ እለፍ» ማለትን ሲለማመድ ነው። እውነተኛው ሌባ በመጣ ዕለት የሚሰማው ጩኸት ከዚያ በምንም አይለይም። ሰዓትን ከመረብ በራሱ የሚያስተካክለውን አገልግሎት በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ መክፈት ዋጋው ምንም ያህል አይደለም፤ ከብዙ ውድ መከላከያ የበለጠ ግን ይሠራል።

የስም ማመሳከሩም ነገር እንዲሁ ነው። መርማሪው ዐይን እንጂ ጆሮ የለውም። «ዓለም» እና «አለም» ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ቃል ናቸው፤ ለመርማሪው ግን የሁለት ሰዎች ስም ናቸው። በግእዝ ፊደል የተጻፈ የመረብ አድራሻ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ካላስመዘገበ፣ ሌላው ያስመዘግብና በራሱ ስም ትክክለኛ ወረቀት ሊያወጣበት ይችላል።

የአገሪቱ ሕግ ወደዚህ ጉዳይ የደረሰው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲን የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ሥር አድርጎ ሰየመው። ሌሎች ሰጪዎች ከእርሱ ፈቃድ አግኝተው፣ የእነርሱም ማኅተም በእርሱ ማኅተም ጸንቶ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ገንዘቡ ራሱ ወደ ስልክ ገባ፤ የመርማሪው ስንፍናም ዋጋ በብር የሚቆጠርበት ዘመን መጣ።

ዐዋጁ የሰየመው ሥርና ስልኩ የሚያምነው ሥር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ለፊርማ ክርክርም በፍርድ ቤት ፊት ዋጋ አለው። ሁለተኛው በማይክሮሶፍት፣ በአፕል፣ በጉግልና በሞዚላ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ድርጅቶቹ ባወጡት ደንብ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ሲያልፍ ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ነጻ አገር የማይዋጥ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ቅሬታውም መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ የካዛክስታን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ዜጎቹ የመንግሥትን ሥር ወረቀት በስልካቸው ላይ እንዲጭኑ አዝዞ በዚያው ወረቀት የተመሠጠረውን ንግግራቸውን መጥለፍ በጀመረ ጊዜ፣ የብራውዘሮቹ ባለቤቶች በነሐሴ ወር ወረቀቱን ዘግተውታል። ሥር መሆን የሁሉን ስም ማተም መቻል ነው። ስለሆነም አንድ መሥሪያ ቤት ለፊርማ የሚያገለግለውን ሥር በሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ሲጭን፣ ያ ሥር ለየትኛው ሥራ ብቻ እንደሚታመን ወስኖ መጫን ይኖርበታል፤ በዝምታ የተጫነ ሥር ለሁሉም ይታመናልና።

ወረቀቱ ጸንቶ የሚቆይበት ዘመንም እያጠረ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ ከ398 ቀን በላይ የሚቆይ ወረቀት በብራውዘሮች ዘንድ ተቀባይነት አጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ደግሞ አረጋጋጮቹና የብራውዘር ባለቤቶቹ በሚገናኙበት ጉባኤ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2026 ጀምሮ ወደ 200 ቀን፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወሰነ። ወረቀቱን በዓመት አንድ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ፣ የሚታደስበትን ቀን በጠረጴዛ ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቦ የሚጠብቅ የመረብ ኀላፊ ከዚህ በኋላ በእጁ ሊዘልቀው አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለ90 ቀን የሚቆይ ወረቀት በነጻና ያለ ሰው እጅ እያደሰ መስጠት በመጀመሩ መንገዱ አስቀድሞ ተከፍቷል።

በዚሁ ድርጅት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የነበረው ጊዜ የሥሩ መለወጥ ነው። ድርጅቱ ሥራ ሲጀምር የራሱ ሥር በስልኮች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ በሌላ የቆየ ሥር ማኅተም ተመርኩዞ ነበር። ያ የቆየ ሥር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ዘመኑ አለፈ። ከ7.1.1 እትም በታች የሆኑ አንድሮይድ ስልኮች ዐዲሱን ሥር አያውቁትም፤ እንደነዚህ ያሉ አሮጌ ስልኮች ደግሞ በአዲስ አበባም ሆነ በክፍላተ ሀገር በብዙ ሰው እጅ ይገኙ ነበር። ድርጅቱም አሮጌዎቹን ስልኮች ላለማጉላላት ዐዲሱን ሥር በአሮጌው ሥር ፊርማ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት አስመሰከረለት፤ ሁለቱ ሥሮችም ጎን ለጎን ቆዩ።

በአፍሪካ አዳራሽ የተፈረመው ቻርተር በአፍሪካ ኅብረት የመመሥረቻ ሕግ ሲተካ የተደረገውም ይኸው ነው። ሐምሌ 1992 ዓ.ም. በሎሜ የተፈረመው ዐዲሱ ሕግ ግንቦት 1993 ዓ.ም. ቢጸናም፣ አሮጌው ቻርተር ለአንድ ዓመት ወይም ጉባኤው ለሚወስነው ተጨማሪ ጊዜ እየሠራ እንዲቆይ በራሱ በዐዲሱ ሕግ ተደንግጎ ነበር። የዐዲሱ ሰነድ ዋና ጽሑፍም በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ መቀመጡ ቀርቶ በድርጅቱ ዋና ጸሐፊ፣ ኋላም በኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ዘንድ እንዲቀመጥ፣ የተረጋገጠው ግልባጭም ለአክራና ለዳካር ከዚያ እንዲላክ ሆነ።